ይግባኝ

«ባልሽ ፖስተኛ ነው፣ ወይስ ፖስተኛ ነበር?»
ብላ ጀመረች ጠበቃዋ፣ ብዕሯን ቀስራ ከመዝገቡ ዳር።
መልስ አጣሁ።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከመስኮቱ ሥር፣ በአቬይሮ ቦይ፣
ቀለም የተቀባች የጨው ጀልባ ቱሪስት ትጭናለች፤
እሱ ጀልባዋን ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ፤
ወይዘሮ ኦታቪያ ሁለታችንን ታያለች።

ዤርቫዚዩን ያኔ ባየሽው፣ አልኳት፣ በቢጫ ሞተሩ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሰፈሩ በቃሉ፣ በር በበር፣ ከነቁጥሩ፤
«ሰባት ቁጥር ውሻ አለ፤ አሥራ አንድ ደረጃው ሰባራ፤
አሥራ ዘጠኝ ሴትዮዋ ጆሮዋ ደክሟል፣ ሦስቴ አንኳኳና ጥራ፤»
እያለ አዲሱን ልጅ ያስጠናው ነበር፣
መንገዱን እንደ ዳዊት እየደገመ ሲያድር።

ከዚያ ያ ማክሰኞ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
የዳቦ ቤት መኪና፣ ኋላውን ሳያይ፣ ወደ ኋላ ገፋ።
የራስ ቁሩ ተሰነጠቀ።
ፖስታው በጎርፉ ላይ ተበተነ፤ የሰፈሩ ልጆች ሮጡ፣
ለቀሙት፣ ምድጃ ዳር አደረቁት፣ ለየባለቤቱ ሰጡ፤
አንድም አልጠፋም ተባለ።
ከጭንቅላቱ የተበተነውን ግን
የትኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ ይልቀምልን?

አሁን ጨው አቀብለኝ ስለው ቁልፍ ይዞ ይመጣል፤
ሬዲዮ ሲከፈት ያለቅሳል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይቆጣል፤
ስሜን ቀን ቀን ያውቀዋል፣ ሲመሽ ይጠፋዋል።
ባለፈው እሑድ የገዛ በራችንን ሦስቴ ሲያንኳኳ ሰማሁት፤
ከፈትኩ። «ደብዳቤ አለዎት፤» አለኝ።
ባዶ እጁን ተቀበልኩት።

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ግን ባዶ አልመጣም፤
በአደራ ነበር፤ ያው አዲሱ ልጅ አመጣው፤
ሲያስፈርመኝ ቀና ብሎ አላየኝም።
«የራስ ምስሉ ንጹሕ ነው፤ ይበላል፤ ይራመዳል፤
ካሳ የሚያሰጥ ጉዳት የለም፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።»
አቤት ማለቱንስ ሰሙት፤
አቤቱታውን የት ጣሉት?

ከፋብሪካ ስወጣ፣ እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ ስንቱን በር መታሁ፤
አንዱ፣ ሳይሰማኝ፣ «ቅድሚያ ክፍያ ይገባኛል፤» አለ፤ ተውኩት ወጣሁ፤
ሌላው ባሌን ከላይ እስከ ታች አየው፤
«ይኼማ ከኔ ይሻላል፤» ብሎ ሳቀ፤ ባሌም አብሮት ሳቀ፤
እኔ ነኝ ያልሳቅሁት።

«የረሳኸውን ሁሉ ንገረኝ፤» አለችው ወይዘሮ ኦታቪያ፤
ወዲያው የራሷ ቃል ጆሮዋ ገባ፤ ቀላች፤ ብዕሯን አኖረች።
የተዘረፈው እሱ፣ ምስክሩም እሱ፤
ዘራፊው ሲወጣ ምስክሩንም ይዞ ሄዷል በኪሱ።

ደብተሬን አወጣሁ፤ የሰርዲን ፋብሪካችን ያደለን፣ ዘይት የጠጣ።
ሰኞ፦ ወተቱን ከጫማ ጋር ደረደረው።
ረቡዕ፦ እህቴ ለምን አትመጣም አለ፤ ለአምስተኛ ጊዜ አረዳሁት።
ዓርብ፦ ደህና ዋለ። ሳቀ።

ዓርብ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይህቺ መስመር ትጎዳናለች።»
«ትጉዳን፤» አልኩ፤ «ስቋል።»
ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ
ገጹን እንዳለ አባዛችው።

«አሥር ቀን ነው ያለን፤ ይግባኝ እንላለን፤ ወጪውን መንግሥት ይችላል፤»
ቅጹን ወደ እሱ አዞረች፤ «ዤርቫዚዩ፣ የምንለው ገብቶሃል?»
ዓይኑን ከጀልባዋ ነቀለ።
ጣቱን በመስመሩ ላይ ጎተተ፣ ቀስ እያለ፤
«አልገባኝም፤» አለ፤ «ይግባኝ።»

ማንም ሳያዘው ብዕሯን አንስቶ፣ ከፍርድ ቤቱ አድራሻ ሥር፣
እሷ የዘለለችውን የፖስታ ቁጥር
ሞላው፤ አራት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ሦስት አኃዝ፣
ቀጥ ብለው የቆሙ፣ እንደ ድሮው።
ትክክል ይሁኑ አይሁኑ
እስካሁን አላጣራሁም።